ማሳው ከተበላ በኋላ የሚደርስ የተምች ዜና

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ተምች ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። ይህን ያህል ሄክታር በቆሎ ተወረረ፣ ይህን ያህል ሊትር መድኃኒት ተረጨ፣ ኅብረተሰቡ በነቂስ ወጥቶ እየለቀመ ነው ይላል። ዜናው ውሸት ነው አልልም። ቅር ያለኝ የወጣበት ጊዜ ነው። በቆሎው ከወገብ በላይ ካደገ፣ ትሉም ጠግቦ ወደ አፈር መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው ጋዜጣው የደረሰን። በዚያ ሰዓት ለገበሬው የሚነገረው ሁሉ ያለፈበት ነው። በየዓመቱ ደግሞ እንዲሁ ነው። ክረምት ሲገባ ተምች ተከሰተ ትላላችሁ፣ መስከረም ላይ ትረሱታላችሁ፣ በዓመቱ እንደገና ተከሰተ ትላላችሁ። አሁን በቆሎውን የሚበላው መጤ ተባይ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን እየኖረ ነው። የትም አልሄደም።

እኔ በቆሎ አብቃይ ወረዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ ለዓመታትም በልማት ሠራተኛነት ከገበሬ ጋር የዋልኩ ሰው ነኝ። አሁን ከተማ ብገባም ዘመዶቼ ዛሬም የሚኖሩት በበቆሎ ነው። ልጅ የሚያስተምሩት፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፍሉት ከዚያችው ማሳ ነው። ስለዚህ በግልጽ ብናገር አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ፎቶው። ያወጣችሁት ፎቶ ጥቁር ትሎች መሬት ላይ ተደራርበው ሲርመሰመሱ ያሳያል። ያ አያቶቻችን የሚያውቁት የድሮው ተምች ነው። እሱ በመንጋ ይመጣል፤ ሣሩን፣ ጤፉን፣ ገብሱን፣ ማሽላውን ከማሳ ማሳ እየተሻገረ ይግጥና ይጠፋል። አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይታይም። አሁን በቆሎውን የያዘው ግን ዘመዱ ነው፤ መጤ ተምች ወይም የአሜሪካ ተምች የምንለው። ይሄኛው በመንጋ ሲጓዝ ብዙም አታዩትም። አንድ አገዳ ላይ አንድ ትል፣ ቢበዛ ሁለት፣ መሃል ላይ ባለው ገና ባልተፈታው ጥቅልል ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይበላል። ገበሬው ፎቷችሁን አይቶ ማሳው ውስጥ የሚርመሰመስ ጥቁር ነገር ካጣ፣ እኔ ጋ የለም ብሎ ይቀመጣል። ትሉ ግን ጥቅልሉ ውስጥ ሆኖ ሥራውን እየሠራ ነው።

ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይባላል። ሲያድግ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ሌሊት የሚበር የእሳት እራት ይሆናል። መብራት ሥር ብታዩት ልብ አትሉትም። አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ፣ በናይጄሪያና በአካባቢዋ ባሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ነው። እኛ ዘንድ በ2009 ዓ.ም. የካቲት ግድም ሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ታየ። ከዚያ በዚያው ዓመት በየበቆሎ አብቃዩ አካባቢ ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ገባ። እራቷ ነፋስ ካገኘች በአንድ ሌሊት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ይህን የሚያቆም ኬላ የለም።

እዚያው አሜሪካ ውርጭ አይችልም። በብርዱ ወራት በዩናይትድ ስቴትስ ከደቡብ ፍሎሪዳና ከደቡብ ቴክሳስ በቀር በሌላው ቦታ ያልቃል፣ ሙቀቱ ሲመለስ እንደ አዲስ ወደ ሰሜን ይበራል። የእኛ ቆላና ወይና ደጋ ግን እንዲህ የሚጨርስ ብርድ የለውም። የበልግ በቆሎ አለ፣ የክረምት በቆሎ አለ፣ በበጋ ደግሞ እሸቱን ለገበያ ለማድረስ በመስኖ የሚዘራ አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚበላው አያጣም። በቆሎ ባይኖር እንኳ ማሽላውም፣ ሸንኮራውም፣ ሌላ ብዙ ዓይነት ተክልም ይበላል። ስለዚህ እንደ ድንገተኛ እሳት ሳይሆን እንደ አረም አድርገን ልናየው ይገባል፤ በየዓመቱ የሚጠበቅ፣ በየዓመቱ በጊዜው የሚታረም።

በጊዜው ስል ምን ማለቴ ነው? ጋዜጣችሁ ሊያስረዳ ይገባው የነበረው ይህን ነው፣ እባካችሁ ቦታ ስጡኝና ላስረዳ።

እራቷ እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት ነው። ከ100 እስከ 200 የሚሆን እንቁላል አንድ ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ላይ ትከምራለች። ከዚያ ከራሷ ገላ በሚረግፍ ብናኝ ትሸፍነዋለች፣ ሻጋታ ነው የሚመስለው። አንዲት እራት በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል። አዲስ የተፈለፈሉት ትሎች ካልተጠጉ በቀር በዓይን አይታዩም። ቅጠሉን አይበሱትም፣ አረንጓዴውን ብቻ ይፍቁና ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጭረት ትተው ይሄዳሉ። ገበሬው ሊይዛት የሚገባ ምልክት ይህች ናት! ከዚያ ይበተናሉ፤ አንዳንዱ በስስ ክር ተንጠልጥሎ በነፋስ ወደ ጎረቤት አገዳ ይሻገራል። ጥቅልሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ እርስ በርስ ይበላላሉ። መጨረሻ ላይ አንድ አገዳ ላይ አንድ ትልቅ ትል ብቻ የምናገኘው ለዚህ ነው።

ትሉ ቆዳውን እየቀየረ በስድስት ደረጃ ያድጋል፣ ይህም በሞቃት ወቅት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። እነዚያ ሁላችንም የምናውቃቸው ትልልቅ ቀዳዳዎች፣ ጥቅልሉ ላይ የሚከመረው እንደ ሰጋቱራ ያለ ኩስ፣ እነሱ የሚታዩት ትሉ ከጎለመሰ በኋላ ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ከሳምንት በላይ ይተኛል፣ እራት ሆኖ ይወጣል፣ እንደገና ይጥላል። ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ እራት አንድ ወር ገደማ ነው። ሲቀዘቅዝ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አንድ የክረምት በቆሎ ሳይደርስ ሁለትና ሦስት ትውልድ ሊፈራረቅበት ይችላል ማለት ነው። ዘግይቶ የተዘራው ማሳ ብዙ ጊዜ የባሰ የሚጎዳውም የቀደሙት ማሳዎች ያራቡት ሁሉ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ገበሬው ቀዳዳውን ሲያይ ይደነግጣል፣ ለቀበሌው ይነግራል፣ ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ከዚያ መድኃኒት ይጫናል፣ ከዚያ እናንተ ትመጣላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትሉ አፈር ገብቶ ተኝቷል። መድኃኒቱ የሚረጨው ባዶ ጥቅልል ላይ ነው፣ ወይም የራሱን ኩስ እንደ ክዳን ለብሶ በተቀመጠ ትልቅ ትል ላይ። በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ከላይ ማርጠብ እሱን አይነካውም። መርጨት ግዴታ ከሆነ ትሉ ትንሽ እያለ፣ ጠዋት ማልዶ ወይም ወደ ማታ፣ ቀጥታ ጥቅልሉ ውስጥ ነው መግባት ያለበት።

ስለ መድኃኒቱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በየገበያው ምን እየተሸጠ እንደሆነ ታውቁታላችሁ? ጽሑፉ የተፋቀ ጠርሙስ፣ ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ የተቀዳ፣ ለምን እንደሚያገለግል ሻጩም የማያውቀው። ገበሬው ጓንት የለውም፣ የአፍ መሸፈኛ የለውም፣ በባዶ እግሩ ይረጫል። ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ይቀዳበታል፣ ጀሪካኑ ውኃ ይቀዳበታል። እናቶች ሕፃን አዝለው ከተረጨ ማሳ ጎመን ሲቀጥፉ አይቻለሁ። ንቡም አለ። መጤው ተምች በአገራችን መጀመሪያ የታየበት የሸካ አካባቢ በማሩ የታወቀ ነው። በቆሎው አበባ ላይ ሲደርስ ንብ የአበባውን ዱቄት ለመልቀም ይመጣል፣ ያኔ መርጨት ንቡን መፍጀት ነው። ተባዩ ደግሞ መድኃኒት ይለምዳል። በፖርቶ ሪኮ ይህን ትል እንዲገድል ተብሎ በዘረመል የተሻሻለውን በቆሎ ሳይቀር ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ለምዶ መብላት ጀምሮ ነበር። እኛም አንዱን ዓይነት መድኃኒት በየሳምንቱ እየደጋገምን ከረጨን የሚተርፈው የማይሞተው ነው።

የሚገርመው፣ የተበጣጠሰ ቅጠል ሲታይ የሚያስፈራውን ያህል ምርቱ ሁልጊዜ አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የታወቀ ግምት፣ ምንም ካልተደረገ በ12 የአፍሪካ አገሮች በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ሊጠፋ ይችላል የሚል ነበር። መነሻው በጋናና በዛምቢያ ገበሬዎች በአፋቸው የተናገሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ምሥራቅ ዚምባብዌ ውስጥ ማሳ ለማሳ የተሠራ ጥናት ደግሞ የምርቱን ጉዳት ወደ 12 በመቶ ገደማ አድርሶታል። 12 በመቶ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ ሁለት ጥማድ መሬት ላለው ቤተሰብ የወራት ቀለብ ነው። ግን የሚያስጮህ ቁጥር ብቻ ሲጻፍ ሰው ይደናገጥና ያገኘውን መርዝ ሁሉ ይረጫል። በቆሎ ገና ለጋ እያለ ቅጠሉ ቢበላም፣ እርጥበትና ማዳበሪያ ካገኘ ብዙ ጊዜ ያገግማል። ይህንንም ጻፉልን።

መቼ ነው ታዲያ የሚረጨው? እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት ከአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ጋር ለአፍሪካ ያዘጋጀው መመሪያ ቀላል ልክ ያስቀምጣል፣ እኛም ከገበሬዎች ጋር የሠራንበት ነው። በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ማሳው ውስጥ ገብቶ በአምስት የተለያየ ቦታ መቆም። በእያንዳንዱ ቦታ አሥር አገዳ በተርታ ማየት። ከሃምሳው አሥሩ፣ ማለትም 20 በመቶው አዲስ ጉዳት ካለበት በቆሎው ገና ትንሽ እያለ እርምጃ ያስፈልጋል። በቆሎው አድጎ አበባ ለማውጣት ሲቃረብ ልኩ ወደ 40 በመቶ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ጉዳቱን ይችላል። አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት አይመከርም። ይህ ማንበብ ለማይችል አባወራ እንኳ በጣት ተቆጥሮ የሚያዝ ነገር ነው።

ትሉን የሚለዩበትም ቀላል ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው፣ ጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ጥቋቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ልጆች ከአዋቂዎች ቀድመው ይለዩታል።

ትንሽ ማሳ ላለው ገበሬ በእጅ መልቀም የሚናቅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እየዞሩ እንቁላሉን ከነቅጠሉ መጭመቅ ማለት መቶና ሁለት መቶ ትል በአንድ ጣት መግደል ነው። ትልልቁን ትል በዘመቻ ከመልቀም ይህ እጅግ ይበልጣል። አንዳንዶች አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ጥቅልሉ ውስጥ ይጨምራሉ፣ በአንዳንድ ቦታ ረድቷል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ኃይለኛ ዝናብም ትንንሾቹን ትሎች ጥቅልሉ ውስጥ ያሰጥማቸዋል።

ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ የተፈጥሮ ጠላቶቹ ነገር ነው። ተምቹ መጤ ቢሆንም የአገራችን ነፍሳት ለምደውታል። በገባበት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኮቴሲያ የምትባል ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ትሉ ውስጥ እየጣለች፣ ልጆቿ ከውስጥ እየበሉት እንደሚገድሉት ተገኝቷል። በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሷ የተያዙ ነበሩ። ማንም ሳያመጣት፣ ማንም ሳይከፍላት! ጉንዳኑም፣ ወፉም የድርሻውን ይለቅማል። ያለ ልክ ስንረጭ መጀመሪያ የምንጨርሰው እነዚህን ነው። ስለዚያች ተርብ አንድም ጊዜ አንድ መስመር አውጥታችሁ አላየሁም።

ፑሽ ፑል የሚባለውም አለ። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው ነው። በበቆሎው መደዳ መሃል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ሐረግ ይዘራል፣ ሽታው እራቷን ያርቃታል። በማሳው ዳር ደግሞ ብራኪያሪያ የሚባለው ሣር ይተከላል፣ እሱ ወደ ራሱ ይስባታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት እንዲህ ባለው ማሳ በአንድ አገዳ ላይ የሚገኘው ትል ከ80 በመቶ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሁለቱም ተክሎች ለከብት መኖ ይሆናሉ፣ ዴስሞዲየሙ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረምም ያዳክማል። ችግሩ ዘሩ እንደ ልብ አይገኝም። ዘሩ ካልተገኘ በቆሎውን ከቦሎቄ ጋር ማሰባጠርም ይረዳል፣ ይህን ገበሬው ድሮም ያውቀዋል። የዴስሞዲየም ዘር ለምን በየወረዳው እንደማይደርስ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን ያስፈልገናል። የመድኃኒት ሊትር ከመቁጠር ይህ ይሻላል።

እና የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሚያዝያ ውስጥ፣ ገበሬው ዘር ሳይበትን አንድ ገጽ ስጡት። የእንቁላሉን ፎቶ ትልቅ አድርጋችሁ አውጡ፣ ብናኝ የለበሰውን፣ እንዲሁም ነጭ ጭረት ያለበትን ለጋ ቅጠል። የሚርመሰመሰውን ጥቁር ትል ለድሮው ተምች ዜና አቆዩት። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ሳምንታዊ አጭር ማስታወሻ ይኑራችሁ፤ በየትኛው ዞን የእራት ወጥመድ ላይ ምን ያህል ተያዘ፣ የት ቁጥሩ እየጨመረ ነው የሚል። ወጥመድ በተተከለባቸው ወረዳዎች ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ጠይቃችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ለመስኖ አካባቢዎች ደግሞ ይኸው ነገር ታኅሣሥና ጥር ላይ ይደገም፣ የክረምቱን በቆሎ የሚበላው ተምች በጋውን እየተራባ የሚቆየው ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና።

ጋዜጣው ገጠር አይደርስም ትሉኝ ይሆናል። ይደርሳል። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይሄዳል፣ ከከተማ የሄደ ልጅ ለአባቱ ያነብለታል፣ መምህራን ይቆርጡትና ክፍል ውስጥ ይለጥፉታል። የልማት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ በእናንተው ጋዜጣ የወጣ የስንዴ ዋግ ጽሑፍ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ለወራት ሰው ቆሞ ሲያነበው ነበር። ያ ጽሑፍ የወጣው ስንዴው ዋግ ሳይመታው በፊት ነው።

የሚያዝያውን ገጽ ለማዘጋጀት ከፈቀዳችሁ የእንቁላሉንና የለጋውን ቅጠል ፎቶ እኔ እልክላችኋለሁ፤ በሜዳ ሥራ ዘመኔ ያነሣኋቸው ናቸው፣ ክፍያ አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር